የመጀመሪያውን ዝናብ የሚደፉ ሴቶች

ወላይታ ሶዶ ልሄድ ነው ስል የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ማን ሞቶብሽ ነው?» ብሎ ነው። የውኃ ታንከር ለማየት ነው የምሄደው ስል ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ደህና መሆኔን ለማየት ፊቴን አተኩሮ ተመለከተ። እኔ አረርቲ ከተማ ዳር ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጠመኔ፣ መጥረጊያና የተሰበረ ወንበር ነው የማውቀው። ታንከር ፍለጋ አገር ማቋረጥ ሥራዬ አልነበረም፤ ግን ነገሩን የጀመርኩት እኔ ስለሆንኩ መጨረስም የእኔ ነበር።

አምና የወላጆችን ኮሚቴ ለምኜም ተጨቃጭቄም ከክፍሎቹ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ የሚይዝ የግንብ ታንከር አሠራን። እኛ ጋ የቧንቧ ውኃ በሳምንት አንዴ ቢመጣ ነው። ልጆቹ ውኃ በጠርሙስ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ያልያዘ ተጠምቶ ይውላል። በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ሲጥል ታንከሩ ሞላ፣ ጨፈርን። ሳምንት ሳይሞላው ልጆቹ በተቅማጥ ወደቁ። ከሁሉ የባሰባት የኮሚቴያችን ሊቀመንበር የእታገኝ ልጅ ሰላም ነበረች፤ ጤና ጣቢያ ተኝታ፣ ግሉኮስ ተሰክቶላት ነው የተረፈችው። እታገኝ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቃት ጎረቤቴ ናት። ልጇን ተሸክማ ከጤና ጣቢያ በተመለሰች ማግስት ቁልፍ ገዝታ ታንከሩን ቆለፈችው፣ ቁልፉንም በክር አንገቷ ላይ አሰረችው። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ወሬ የለንም።

ዘንድሮ ደግሞ «ክዳኑ ይነሣና የእህል ጎተራ ይሁን» የሚል ሐሳብ መጣ። በመጋቢት መጨረሻ ስብሰባ ሊወሰን ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ዓመት አስተምሮ ወደ አገሩ ሶዶ ለተመለሰው ለመምህር ማቴዎስ ደውዬ አለቀስኩበት። «እትዬ ብርቄ፣ ሁምቦ ውስጥ ሰው የጣሪያ ውኃ ሲጠጣ ስንት ዓመቱ ነው፤ ልጆቹም ደህና ናቸው። ምን እንደሚያደርጉ መጥተሽ በዓይንሽ እዪ» አለኝ። ለእታገኝ ነገርኳት። ቁልፏን በጣቷ እያሻሸች «ሂጂ፤ ግን መልስ ይዘሽ ነይ እንጂ ወሬ ይዘሽ እንዳትመጪ» አለችኝ። ከታንከሩ በጠርሙስ ቀድታ ለናሙና ሰጠችኝ።

ማክሰኞ

ማለዳ ከአረርቲ ሞጆ በሚኒባስ፣ ከሞጆ ሻሸመኔ በአውቶቡስ፣ ከሻሸመኔ ሶዶ ደግሞ በሌላ ሚኒባስ ሄድኩ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ቆሎዬን ይዣለሁ፤ የናሙናው ጠርሙስ በሻሽ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ተቀምጧል። ሁለት ሌሊት ሙሉ ለማቴዎስ ምን እንደምለው ሳሰላስል ስላደርኩ ሃላባን እንዳለፍን እንቅልፍ ጣለኝ።

ስነቃ መኪናው ቆሟል፣ ሰው ሁሉ ወርዷል፣ ከፊት እንፋሎት ይትጎለጎላል። ሾፌሩ የእኔን ጠርሙስ ይዞ ራዲያተሩ ውስጥ ይጨምራል።

«ኧረ ተው! እሱ ናሙና ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«እናቴ፣ ናሙናም ቢሆን ውኃ ነው» አለና አራግፎ ጨረሰው።

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔ እንባዬ መጣ። ከአረርቲ ድረስ አቅፌ ያመጣሁት መረጃ በአንድ ጉንጭ ጠፋ። ሾፌሩ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝና ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ፤ ቆሎዬን አካፈልኩት። ልጆቻችንን ያሳመመው ውኃ ሞተሩን ምንም አላደረገውም፣ ሶዶ በሰላም አደረሰን።

ያ የፊት ወንበር ጠቀመኝ። የእኛ አገር ሜዳ ነው፤ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ቤትህ ሳይደርስ ማን እንደሆነ ትለያለህ። ወደ ቦዲቲ ስንጠጋ ግን ቤቶቹ በእንሰት ተከበው ይደበቃሉ፤ ጭስ ባይወጣ ሰው መኖሩም አይታወቅ። የዳሞታ ተራራ አናቱን ደመና ውስጥ ከቶ ቆሟል። ይህን ሁሉ አረንጓዴ ሳይ ቅናት ያዘኝ። እዚህ ስለ ውኃ ምን ልማር ነው የመጣሁት አልኩ።

መናኸሪያ የጠበቀኝ ማቴዎስ ይህንኑ ስነግረው ሳቀብኝ። «አረንጓዴ ስላየሽ ውኃ ያለ መሰለሽ? እንሰት ውኃ ቋጥሮ ይኖራል፤ ሰው ግን መቅዳት አለበት። ወደ ቆላው ስንወርድ ታያለሽ።» ቦርሳዬን ተቀብሎኝ ወደ ቤቱ ወሰደኝ።

ረቡዕ

የማቴዎስ ባለቤት አስቴር ቀልጣፋ፣ ሳቂታ፣ ግን በቤቷ ሕግ የማትደራደር ሴት ናት። ጠዋት ግቢው ውስጥ እጄንና ፊቴን ታጥቤ ሳህኑን እንደ ልማዴ ወደ ደጅ ልደፋ ስወዘውዝ እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ የት ሊደፉት ነው?»

«መንገድ ላይ ነዋ። አቧራውን ያበርደዋል።»

እኛ ጋ የእጥበት ውኃ ሥራው አቧራ ማብረድ ነው። አስቴር ግን እጄን እንደያዘች ወደ ግቢው ጥግ ወሰደችኝ። እዚያ ከታች የተበሳ በርሜል ቆሟል፤ ውስጡ ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ፣ በላዩ ከሰል ተደርድሯል። የልብስ፣ የዕቃና የገላ እጥበቱ ሁሉ ከላይ ይገባል፣ ከታች በቦይ ወደ እንሰቱና ወደ ቡናው ሥር ይሄዳል። «ከመርካቶ ስመለስ ጫማዬን ሳጥብ እንኳ እዚህ ነው» አለችኝ። የሶዶም ገበያ መርካቶ መባሉን ያኔ ነው ያወቅኩት። ጎመኗን ሳይ ደግሞ አፌን ያዝኩ፤ በየካቲት እንዲህ ያለ ጎመን እኛ አገር በሥዕል ነው።

ለምሳ ሙጭዋ አቀረበችልኝ፤ ከቆጮ የሚሠራ የክብር ምግብ ነው። ቅቤው ዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይንሳፈፋል። እኔ ዓይኔን ሳህኑ ላይ ተከልኩ። እምቢ ብል ክብሯን መንካት ሆነብኝ፤ ብበላ ጾሜን ማፍረስ ነው። ሰው በዚያ ዕድሜው እንደ ሕፃን እንዴት ይጨነቃል?

«አይጣፍጥም እንዴ? ገና አልቀመሱትም እኮ» አለች አስቴር። ከዚያ ራሷ ግንባሯን መታች። «ወይኔ! ጾም ነው ለካ! እኛ ቤት ስለማይጾም ረሳሁት። ይቅር ይበሉኝ!» ብላ ሳህኑን አንሥታ ሮጠች። ብዙም ሳትቆይ ቦዬ የሚባል ሥራሥር ቀቅላ፣ ዳጣ ከሚባል የቃሪያ ማባያ ጋር አመጣችልኝ። ዳጣው አፌን አቃጠለኝ፣ ዓይኔን አስለቀሰኝ፣ ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ። ከሰዓት በኋላ ማቴዎስ ስለ ነገው ጉዞ አስረዳኝ፤ ተበላ ወደምትባል የሁምቦ ከተማ ሄደን፣ ከዚያ ወደ አንድ የገጠር ጸሎት ቤት በሞተር እንወርዳለን። ቁልፉ ያለው ማርታ የምትባል ሴት ጋ ነው አለኝ። የቁልፍ ነገር ስሰማ እታገኝ ትዝ አለችኝ።

ሐሙስ

ከሶዶ ወደ ተበላ መንገዱ ቁልቁል ነው። ስንወርድ እንሰቱ እየሳሳ፣ በቆሎው ማሳ እየበዛ፣ ሙቀቱ እየጨመረ መጣ፤ ከሩቅ የአባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ከተበላ የተከራየነው ሞተር ሦስት ሰው ጭኖ አቧራውን እየቀደደ ወሰደን። አቧራው የእኛን አቧራ ስላስታወሰኝ እንደ ዘመድ ነው የተቀበልኩት።

ጸሎት ቤቱ ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የጭቃ ቤት ነው። ዙሪያውን አሸንዳ ተበጅቶለታል፣ አሸንዳው ጥግ ላይ ወደ አንድ ቱቦ ይወርዳል። ቱቦው ክርን በሚመስል መታጠፊያ የሚዞር ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ታንከሩ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር በቦይ ወደ ሽፈራው ዛፎቹ ይፈሳል። ይህን አየሁ እንጂ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቱቦውን አይቼ ለማጽዳት እንዲመች ነው ብዬ ለራሴ መልስ ሰጥቼ አለፍኩ። እንዲህ ነው የኔ ነገር፤ ጥያቄው ሳይመጣ መልስ አለኝ።

ማርታ በጸሎት ቤቱ የሴቶች ክፍል ኃላፊ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ስትሄድ የማትቸኩል። «ሳሮ» ብላ በወላይትኛ ሰላም አለችኝና ወደ አማርኛ ገባች። አማርኛዋ የአገሯ ቃና አለው፤ አንዳንዴ አንቺ፣ አንዳንዴ አንተ ትለኛለች፣ ሁለቱም በፍቅር ስለሆነ አላረምኳትም። የታንከሩን ክዳን ከፍታ አሳየችኝ። በበጋው መጨረሻ ላይ ከታች አንድ አራተኛ ያህል ውኃ ቀርቷል፤ ጥርት ያለ ነው፣ የታንከሩ ወለል ይታያል። በአካባቢው ያለ ሁሉ በየተራ አንድ አንድ ጀሪካን ይቀዳል። ይህ ካለቀ ሰው ውኃ የሚያገኘው ከወንዝ ነው፣ ወንዙም ሩቅ ነው።

«ዝናብ እስኪጠና ይኼ ይበቃናል» አለች። ቀመስኩት። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ውኃ በጠርሙስ ታሽጎ ነው የሚሸጠው።

ቤቷ ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ነው። ጾም መሆኑን ማቴዎስ ነግሯት ስለነበር የሽፈራው ቅጠልና በቆሎ ያለ ቅቤ ሠርታ ነበር። እየበላሁ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። ማርታ ተነሥታ «ዝናብ!» ብላ ወጣች። ማቴዎስ ከሞተር ነጂው ጋር ተበላ ድረስ ሄዶ ነበርና እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ከየጎጆው ሴቶች ሲሮጡ፣ ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ ከዚያ መዝሙር ሲጀመር ሰማሁ።

በር ላይ ወጥቼ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ስድስት ሰባት ሴቶች ዝናብ ውስጥ ቆመው እያጨበጨቡ ይዘምራሉ። ቱቦው ወደ ቀኝ ዞሯል! ያ ሁሉ ውኃ፣ ከበጋ በኋላ የመጣው ያ ሁሉ ውኃ፣ መሬት ላይ ይፈሳል። ማርታ የለችም፤ በኋላ እንደተረዳሁት በጸሎት ቤቱ ጀርባ አሸንዳው ላይ የተከማቸ ቅጠል ትጠርግ ነበር። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። በደስታ ብዛት ውኃውን ረሱት ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ። ምግቡን ጥዬ፣ ጫማዬን ጭቃው ውስጥ ትቼ፣ ሮጥኩና ቱቦውን በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ግራ አዞርኩት። ውኃው ታንከሩ ውስጥ ወረደ።

«ውኃ እየፈሰሰ መዝሙር!» አልኳቸው አፌን ሞልቼ።

መዝሙሩ ቆመ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። እንግዳ ነኝና ማን ይናገረኝ? አፍረው ነው ብዬ ደግሞ ፈገግ አልኩላቸው። የመዝሙሩ ድምፅ ሲቋረጥ ማርታ ከጀርባ መጣች። አልጮኸችም። ቱቦውን ከእጄ ወስዳ ወደ ቀኝ መለሰችውና ከጉያዋ አንድ ነጭ የብረት ሳህን አወጣች፤ መሐሉ ላይ ቀይ አበባ ተሥሎበታል። ከቱቦው የሚወርደውን ቀዳችበት። ውኃው ሻይ መሰለ፣ አበባው የለም።

«አየህ? ይህ የወፍ ኩስ፣ አቧራ፣ ቅጠል ነው» አለች። «በጋ ሙሉ ጣሪያ ላይ የተኛ። መጀመሪያ ዝናብ ጣሪያ ያጥባል። እኛ አምስት ቁጥር ያለው መዝሙር እንዘምራለን፣ ሁለት ጊዜ። ሲያልቅ አበባ እናያለን። አበባ ከታየ እናዞራለን።»

መዝሙሩ ለካ ሰዓታቸው ነው። የደነገጥኩት ለማርታ ታንከር ብቻ አልነበረም፤ የራሴ ታንከር ነበር ፊቴ ላይ የመጣው። አምና በሚያዝያ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ቱቦውን በገዛ እጄ ይዤ አንዲት ጠብታ እንዳትባክን ብዬ ሁሉንም ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ሲያጨበጭቡልኝ የመጀመሪያውን ጣሳ ቀድቼ «እንኩ፣ ተመረቁ» ብዬ ያጠጣሁትም እኔ ነኝ። ከፊት ቆማ የጠጣችው ሰላም ነበረች። ቅድም በቦዩ ውስጥ የሄደውን ቡናማ ውኃ እያየሁ አለቀስኩ፤ ዝናቡ ፊቴን ስላራሰው ያየብኝ አልነበረም።

ዝናቡም ወዲያው አባራ። በታንከሩ የቀረው ጥርት ያለ ውኃ ደፍርሷል፣ ላዩ ላይ ገለባ ይንሳፈፋል።

ዓርብ

ማቴዎስ ትናንት አመሻሹ ላይ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። ከጤና ኬላ የውኃ መድኃኒት እናምጣና እንጨምርበት አልኩ። ማርታ ራሷን ነቀነቀች። «ኩስ በመድኃኒት አይታጠብም። እንደፋዋለን፣ እናጥባለን፣ እንጠብቃለን።» ማቴዎስ ማስተማር ስላለበት ወደ ሶዶ ተመለሰ፤ እኔ ታንከሩ ሳይሞላ አልሄድም ብዬ ቀረሁ። በዕቅዴ ዓርብ አረርቲ መሆን ነበረብኝ።

ጠዋት ሴቶቹ ባልዲ ይዘው መጡ። ማንም አልገላመጠኝም፣ ይህ ደግሞ ከግልምጫ በላይ ከበደኝ። ውኃው ሲወጣ አንዲት ጠብታ አልባከነም፤ ግማሹ ለልብስ እጥበት፣ ግማሹ ለከብት፣ የቀረው ለሽፈራውና ለሙዝ ሄደ። አንዷ ሴት የተለሰነ ግድግዳዋን ልትጠግን ጭቃ አቦካችበት። ውኃው ከወገብ በታች ሲደርስ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ በመሰላል ወረድኩ። «አንቺ እንግዳ ነው፣ ተይ!» አለች ማርታ ከላይ። አልሰማኋትም፤ ትናንትም ማንንም ሳልጠይቅ ነው የሮጥኩት፣ የዛሬው ግን ለበጎ ነው።

ታንከር ውስጥ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ይሞቃል፣ ድምፅህ ተመልሶ ይመታሃል፣ የግንቡ ሸካራነት ጉልበትህን ይልጠዋል። በብሩሽ ፈተግኩ። ማርታም ወረደች። ጎን ለጎን ሆነን ስንፈትግ ስለ ልጆቹ ነገርኳት፤ ስለ ሰላም፣ ስለ ግሉኮሱ፣ ስለ እታገኝ ቁልፍ። ብሩሿን አቁማ አዳመጠችኝ።

«እኛም መጀመሪያ ዓመት እንደዚህ ነበር» አለች። «የእኔ የወንድም ልጅ ታመመ። ሰው ሁሉ ታንከር ይፍረስ አለ።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? እኔ ነበርኩ ቱቦ የያዝኩት። እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ መዝሙር አመጣን።» ብሩሿን አንሥታ መፈተግ ቀጠለች። እኔም ቀጠልኩ። ስንወጣ ወገቤ ተቆርጦ ነበር፤ ሴቶቹ እየሳቁ ሁለት እጄን ይዘው ጎትተው አወጡኝ። ከንጹሕ ግንብ በቀር ውስጡ ምንም አልነበረም።

ቅዳሜ

ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሰማይ የአውድማ ጊዜ ሰማይ ነው፣ ሰው ይመርቀዋል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቀና እያልኩ ስረግመው ዋልኩ።

ታንከሩ ባዶ ስለሆነ ውኃ ከወንዝ መጣ። እኔም ጀሪካን ይዤ ከሴቶቹ ጋር ወረድኩ። አረርቲ ውኃ የሚያመላልሰው አህያ ነው፣ ወይም ጋሪ፤ እዚህ የሴት ጀርባ ነው። ሲወርዱ ይጫወታሉ፣ ሲወጡ ዝም ይላሉ። ሞልቼ በገመድ ጀርባዬ ላይ ሳስር ደህና ነበርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሼ ተቆረጠና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ አማርኛ የማታውቅ አንዲት ሴት የእኔን ጀሪካን ከፍታ ግማሹን ወደ ራሷ ጎደል ያለ እንስራ ገለበጠችው። «ጋላታይስ» አልኳት፤ ከወላይትኛ የያዝኳት አንዲት የምስጋና ቃል ናት። ሳቀችና አንድ ቃል መለሰችልኝ፣ አልገባኝም። ያን ዳገት የጨመርኩባቸው እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቁ ነበር። እኔም ያንን እያሰብኩ ሌላ ሁለት ጊዜ ወረድኩ።

እሑድ

ጸሎት ቤቱ ሞላ። ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ በር ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንም ግቢ ወይም ውጪ አላለኝም፤ አንድ ሽማግሌ ወንበር አመጡልኝ። ስብከቱ በወላይትኛ ነበርና ዓይኔ ሰማይ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ሊያልቅ ሲል ከአባያ አቅጣጫ ደመና ተነሣ። ስብከቱን ይሰሙ የነበሩት ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ፤ ሰባኪውም ዞረና ስቆ «አሜን» ብሎ ዘጋው።

ቆርቆሮው መንጫጫት ሲጀምር ማርታ እጄን ይዛ ወደ ቱቦው ወሰደችኝ። ከሶዶ የመጣው ማቴዎስ አጠገባችን ቆመ።

«ያዝ» አለችኝ።

«እኔ?»

«አንቺ። ሐሙስ ታጥቧል፣ ጣሪያ ብዙ አልቆሸሸም፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አምስት ቁጥር።»

ቱቦውን ወደ ቀኝ ይዤ ቆምኩ። ውኃው ሲወርድ እጄ ላይ ይከብዳል፤ ሰው የራሱን እህል መሬት ላይ የሚያፈስ ያህል ያማል። ጉባኤው ሁሉ ተነሥቶ ዘመረ። መጀመሪያው ቁጥር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ዝናቡ ከአራተኛው በኋላ ሊያቆም ይመስል ሳሳ። እጄ ወደ ግራ ሊሄድ ሲል ማርታን አየኋት፤ እየዘመረች ታየኛለች፣ አልተንቀሳቀሰችም። ዝናቡ መልሶ ጠነከረ። አምስተኛው ቁጥር አለቀ። ማርታ ሳህኑን ከቱቦው ሥር ያዘች። ቀይዋ አበባ እስከ ቅጠሏ ድረስ ታየች።

«አሁን አዙሪ።»

አዞርኩ። ባዶ ግንብ ላይ ውኃ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔም አብሬ እልል አልኩ።

ሰኞ

ሰኞ ጠዋት ማርታ ሸኘችኝ። የብረት ሳህኑን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «እኛ ሌላ አለን» አለች፤ እንደሌላቸው ባውቅም ተቀበልኩ። ሶዶ ላይ አስቴር በማሰሮ ዳጣ ጨመረችልኝ። ሻሸመኔ ላይ ሳህኑን ለሁለት ተሳፋሪዎች አሳየኋቸው፤ አበባ ያለበት ሳህን አይተው የማያውቁ መሰለኝ፣ ወይም እኔን ፈርተው ነው። በዚያው ምሽት አረርቲ ገባሁ።

ስብሰባው ላይ ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ አሸንዳው፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ መዝሙሩ ነገርኩ። መጨረሻ ላይ «ልጆቹን ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ፤ ቱቦውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አልኩ። እታገኝን ማየት አቃተኝ፣ ግን አየኋት። ቁልፏን በጣቷ እያሻሸች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «መዝሙሩን ማን ይዘምራል? ትምህርት ቤት ነው፤ የሁሉም ልጅ አለበት።» ከኋላ አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት እጇን አወጣች። «ፊደል ገበታ አለን። ከሀ እስከ ፐ ልጆቹ ያነብባሉ።» ታንከሩ ለአንድ በልግ ተሰጠኝ። ቁልፉ ግን እታገኝ አንገት ላይ ቀረ። የአምናው ውኃ ተደፋ፣ ግንቡ ተፈተገ፣ አሸንዳው ተጠረገ፣ ቱቦው የሚዞር ክርን ተበጀለት።

በሚያዝያ አጋማሽ፣ ከእረፍት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ዝናቡ መጣ። ወላጆች ጀሪካን ይዘው ከየቤታቸው ሮጡ። እታገኝ ክዳኑን ከፈተችና ከእኔ ፊት ለፊት ቆመች፤ ሰላም ከጎኗ አለች። እኔ ቱቦውን ወደ ውጭ ይዣለሁ። ልጆቹ በረንዳ ላይ ተሰልፈው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብለው ጀመሩ። ቡናማው ውኃ እግሬ ሥር ይፈሳል። «ኧረ በእግዚአብሔር፣ ባከነ!» ይላል አንዱ፤ «አዙሪው እንጂ!» ይላል ሌላው። ልጆቹ «ለ»ን አለፉ፣ «መ»ን አለፉ፣ «ቀ»ን አለፉ። እጄ ዛለ፣ አልለቀቅኩም። «ፐ» ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወደ ታንከሩ ተጠጋ። የማርታን ሳህን አቀረብኩ። አበባዋ ትታያለች፣ ግን ደብዝዛ፤ ቅጠሏ አይለይም። ዝናቡ እየሳሳ ነበር። ቀና ስል ወላጆች ሁሉ እኔን ያያሉ።

እታገኝ ሳህኑን ከእጄ ወስዳ ተመለከተች። ከዚያ አጠገቤ መጣች፣ በሁለት እጇ ቱቦውን ከእኔ ጋር ጨብጣ ወደ ውጭ አጠበቀችው።

«ልጆች» አለች ጮክ ብላ፣ «እንደገና። ከሀ ጀምሩ።»